እንጀራ፦ ቤት መጋገር ወይስ ከሱቅ መግዛት?

ባለቤቴ የቤት እንጀራ ወገን ነው፤ እኔ የሱቅ። የቤቱ ጣጣው ብዙ ነው። ሊጡ እርሾ ገብቶበት 2 ወይም 3 ቀን ይቦካል፣ አብሲት ይጣላል፣ ከዚያ ምጣዱ ገና ሲሰካ መብራት ይጠፋል። ግን አክንባሎው ተነስቶ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑን አፍጥጦ ሲታይ ድካሙ ይረሳል። ድመታችንም አትቀርም (ለሙቀቱ ነው እንጂ እንጀራስ አትበላም)።

የሱቁ ፈጣን ነው፣ በቃ። ጓደኞች «በር ላይ ነን» ብለው ሲደውሉ 10 እንጀራ ይዞ መግባት ነው። ቅር የሚለኝ ምን እንደተቀላቀለበት አለማወቄ ነው። ሩዝ የበዛበት በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ለሽሮ ፍትፍት ግን ማን ያየዋል?

ስለዚህ ለዶሮ ወጥ የቤቱን፣ ለሥራ ቀን የሱቁን እላለሁ። ባለቤቴ አሁንም አልተስማማም። ምጣዱን የሚያስሰው ግን እሱ አይደለም።