ማሲ ያላችሁ፣ የጀሪካኑን ጀርባ ሳታዩ ዘይት እንዳትገዙ

ክረምት ሳይገባ የትራክተር ዘይት የምትቀይሩ ብዙ ናችሁና ሳይረፍድ ልናገር። በተለይ ከጫጫ እስከ ደነባና እነዋሪ ድረስ በአሮጌ ትራክተር የምትሠሩ፣ ይቺን አንብቧት። እኔ ተሸውጃለሁ።

ትራክተሬ ማሲ ፈርጉሰን 135 ናት። ሞዴሉ መመረት የጀመረው በፈረንጆቹ 1964 ነው። ሞተሯ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ነው፤ 7 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። አሮጊት ናት፤ ግን መረሬውን፣ ያንን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ስትገለብጠው ብታዩ አታምኑም።

የካቲት ላይ ደብረ ብርሃን ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ትራክተሯ ምን እንደሆነች ጠየቀኝና ነገርኩት። "እንዴ ወንድሜ፣ ለድሮ ሞተርማ የድሮ ዘይት ነው የሚስማማው! አዲሶቹ ለዘመኑ መኪና ነው የተሠሩት፤ ያንተን ያቃጥሏታል" ብሎ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አወረደልኝ። ፊቱ ላይ የትራክተር ሥዕል አለ። ትልቅ 40 ተጽፎበታል። ከሌላው በ3 ሺህ ብር ይቀንሳል። ነገሩ ያሳምናል እኮ፣ አሮጌ ለአሮጌ! ደረሰኝ ስለው "በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል" አለኝ። እሱንም ተውኩት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው።

የናፍጣ ሞተር ዘይት ቀይራችሁ ትንሽ ስትሠሩ እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ። ይሄኛው ግን አልጠቁር አለ። 30 ሰዓት ያህል አርሼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዘው እንደ ማር ነው። ደስ አለኝ። ለጎረቤቴም "እንዲህ ያለ ዘይት አይቼ አላውቅም" ብዬ አሳየሁት። (ሊገዛ ነበር፤ እግዜር አተረፈው።)

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሞተሯ ስትሞቅ የዘይት ግፊት ጌጁ መውረድ ጀመረ። ጌጁ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሁለት ቀን አረስኩባት። በሦስተኛው ቀን ከታች ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠፋኋትና የሰፈራችንን አንጋፋ መካኒክ ጠራሁ። ጋሼ ከሥሯ ተኝተው ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ሳህን፣ ፈቱት። ውስጡ የተኛው ነገር የጠላ አተላ ነው የሚመስለው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በጣት ሲነኩት የሚሳብ። የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ከግማሽ በላይ በዚሁ ተደፍኗል።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "አንተ ልጅ፣ ዘይቱ ያልጠቆረው ጥሩ ሆኖ መሰለህ? ጥቀርሻውን አልሸከምም ብሎ እዚህ ጥሎልህ ነው" አሉኝ።

ደህና የናፍጣ ዘይት ውስጥ እንደ ሳሙና የሚያጥብ፣ ጥቀርሻውንም በትኖ የሚይዝ ኬሚካል አለ። የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ዘይቱን ስታፈሱት ቆሻሻው አብሮ ይወጣል።

ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጄን ጠርተን የጀሪካኑን ጀርባ አስነበብናት። ጤፍ በምታክል ፊደል "ኤፒአይ ኤስቢ" ይላል። ኤፒአይ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ነው። በእሱ አጻጻፍ በ"ኤስ" የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በ"ሲ" የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ኤስቢ ለቤንዚንም ቢሆን ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ተቋሙ ራሱ በፈረንጆቹ ከ1951 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች አይሆንም ይላል። ኤስኤ የሚባለውማ ከ1930 ወዲህ ላሉትም አይሆንም። ባለሱቁ "የድሮ ዘይት" ሲለኝ አልዋሸም፤ ከማሲዬም የባሰ የድሮ ነው!

ስለዚህ 40 የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ውፍረቱን ነው፣ ጥራቱን አይደለም። ግማሽ ጨረቃ የምትመስለውን "ሲ" ፈልጉ፤ ሲኤፍ-4 ወይም ሲአይ-4 ቢል ለአሮጌዋም ይሆናታል። እንደኛ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ለሚመታው ደጋ 15-40 ይሻላል፤ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ ሲሞቅ እንደ 40 ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ላላችሁ 40 ቁጥርም ይሄዳል፣ "ሲ" ካለበት።

ደግሞ ልብ በሉ። በመጥፎ ዘይት ስትነዱ ቆይታችሁ ወደ ደህናው ስትቀይሩ፣ አዲሱ ዘይት የተጋገረውን እያላቀቀ ፊልትሮውን (የዘይት ማጣሪያውን) ይደፍናል። የመጀመሪያውን ዘይትና ፊልትሮ ቀኑን ሳትጠብቁ ቶሎ ቀይሩት። ከተቻለ ኮፓውን አስፈትታችሁ አሳጥቡ።

የእኔን ወጪ ከጠየቃችሁ፣ መለዋወጫውም የእጁም ተደምሮ ከ40 ሺህ ብር በላይ ወጣ። ዘጠኝ ቀን ቆማለች። ቀጠሮ የያዙልኝ ገበሬዎችም ሌላ ትራክተር ጠሩ።

ባለሱቁ ጋ ተመልሼ ነበር። "ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ምኑ ላይ ነው ያጭበረበርኩህ?" አለኝ። ደረሰኝ የለኝ፣ ምን ልበል? ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ አራት ጀሪካን ደጃፉ ላይ ደርድሯል። የትራክተሩ ሥዕል ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው።