ጉጠት ሳታነሣ የጠየቀችኝ የጎንደር ሐኪም

ሦስት ሳምንት ጎንደር ከርሜ ትናንት ፍራንክፈርት ገባሁ። ስለ ሆቴሉና ስለ ጉብኝቱ ሌላው ይጻፍ። እኔ ስለ ጥርስ ልንገራችሁ።

የጡት ካንሰሬ አጥንቴ ውስጥ ስለገባ በየወሩ 4 ሚሊ ግራም ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር እወስድ ነበር። መድኃኒቱ አሮጌ አጥንት የሚበሉትን ሴሎች ያዳክማል። ስብራት ይከላከላል፤ ግን መንጋጋ ሲቆስል ራሱን ማደስ ያቅተዋል። አንድ ጥርስ ተነቀለልኝና ጉድጓዱ አልገጥም አለ። ከ8 ሳምንት በላይ አጥንቱ እንደተገለጠ ቀረ። ሞቷል ለካ። መጉመጥመጫውም አንቲባዮቲኩም አልመለሰውም። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። የሞተውን አወጡ፣ ደም የሚያዥ ጤነኛ አጥንት እስኪያገኙ ፋቁት፣ ሹል ጠርዙን አለሰለሱ፣ ድዱን ሳይወጥሩ ከላይ ሰፉት። የባሰበት ሰው የመንጋጋው ክፍል ተቆርጦ በብረት ይያያዝለታል። እኔ እዚያ አልደረስኩም፤ ተመስገን።

ጎንደር በገባሁ በአራተኛው ቀን በሌላው በኩል ጥርሴን አመመኝ። ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ይነቀል» አለ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ የጠየቀ የለም። ማደንዘዣው ሲዘጋጅ ተናግሬ ተነሣሁ። ባላውቅ ኖሮስ? ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ሁለተኛው ክሊኒክ ፒያሳ አካባቢ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። አፌን እንኳ ሳታይ፣ «እትዬ፣ ለአጥንት ወይም ለካንሰር የሚወስዱት መርፌ አለ?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ራጅ አነሣችኝ፤ ከመንቀል ይልቅ ነርቩን አውጥታ የጥርሱን ሥር ሞላችው። የድሮውን ስፌትም በመብራት ደህና አድርጋ አየችልኝ። ሁለት ቀጠሮ ፈጀ፤ አንዱም ቀን አላቻኮለችኝም።

ፔንሲዮኑም ይመስገን። ምግብ ሠሪዋ ከቡና ጋር ቆሎ አቅርባልኝ ነበር። ነገሩን ስነግራት ቆሎውን አነሣች፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ነው።

አክስቴ ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የእኔ መድኃኒት ዘመድ የሆነ አሌንድሮኔት የሚባል ኪኒን ትውጣለች። በኪኒኑ ይህ ችግር የሚመጣው ከስንት አንድ ነው። ቢሆንም ስሙን በወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዋ ጋር አስያዝኩላት።