ነጯን መኪና ካያችሁ ውጡ

የሆነው ትናንት ነው። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ የተዘበራረቀ ነገር ካለ እለፉኝ።

ቀበና ያለው የአባቴ ቤት ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ብሎኬት ነው። ወንድሜ ሊያገባ ስለሆነ ከላይ ሁለት ክፍል እንጨምር ተባባልን። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አንድ ደላላ፣ ከደላላው ወደ አንድ ቢሮ። አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመስታወት በር፣ ግድግዳው ሙሉ የቪላ ሥዕል። «ዲዛይኑንም ፈቃዱንም እኛ እንጨርሳለን፣ አንቺ ቤትሽ ቁጭ በይ» አለኝ ሰውየው። ቁጭ አልኩ። በ85 ሺህ ብር ተስማምተን 60 ሺውን በባንክ አስገባሁለት። ደረሰኝ ስለው «ሲያልቅ ባንዴ» አለኝ። እሺ አልኩ። እኔ ገበያ ላይ ለኪሎ ሽንኩርት ሦስት ቦታ የምጠይቅ ሴት!

ስሪ ዲውን፣ ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን የኮምፒውተር ሥዕል፣ ሲያሳየኝማ እንባዬ መጣ። ሰፊ በረንዳ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ በሩ ላይ የቆመች ነጭ መኪና። የእኛ ቅያስ እኮ ባጃጅ አያስገባም። ይህን እያወቅሁ ሥዕሉን ለእናቴ ላክሁላት። «መኪናው የማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት።

ሁለት ወር በ«ነገ» እና በ«ሰኞ» አለፈ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሰጠኝና «ባለቤቱ ራሱ ሲያስገባ ይፈጥናል» አለኝ። ትናንት ጠዋት የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ወስጄ አስገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ገለጥ ገለጥ አደረገና «የፕላን ስምምነቱስ?» አለኝ። ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር። ለካ ምንም ሥዕል ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ የከተማው ፕላን ምን እንደሚፈቅድ የሚነግረው ወረቀት እሱ ነው። ስንት ፎቅ፣ ከመንገድ ምን ያህል ርቆ፣ እንደኛ ወንዝ ለሚቀርበው ደግሞ ከወንዙ ስንት። እኛ ያንን ዘለን በረንዳ ስናማርጥ ከርመናል።

ልጁ ግን ጨዋ ነበር፣ አስረዳኝ። ፎቅ ሲጨመር ቤቱ በሕጉ አከፋፈል ከፍ ወዳለ ምድብ ይገባል። የስትራክቸር፣ ማለትም ቤቱ ክብደቱን መሸከሙን የሚያሳይ፣ ሥዕልና ስሌት ይጠየቃል። ከእኔ ጥቅል ውስጥ አንድም የለም። «እህቴ፣ ጭቃ ግድግዳ ላይ ኮንክሪት ልታሳርፊ ነው?» አለኝ። ማህተሙን አየና የባለሙያው ፈቃድ እንዳልታደሰ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ካርታዬን ከሥዕሉ ጎን ዘረጋው። የእኛ ቦታ አንድ ጎኑ የተገመጠ ዳቦ ነው የሚመስለው። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን አራት ማዕዘን፣ ቀጥ ያለ። የሌላ ሰው ቦታ ነው።

በቀጥታ ወደ አራት ኪሎ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሰው ይዟል፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። አሁንም ቁጭ አልኩ።

ሰውየው ፊት አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። እሳቸው ጋቢ ደርበዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ሰማያዊ ክላሰር አለ። ኮምፒውተሩን ወደነሱ አዞረላቸው። ሰፊ በረንዳ። የአበባ ማስቀመጫ። በሩ ላይ ነጭ መኪና። «እናንተ ቤታችሁ ቁጭ በሉ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ነበር ያለቀስኩት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፈረሙ።

ሲወጡ እጄ ላይ ያለውን ጥቅል አዩና ቆሙ። «አንቺም እዚሁ ነው ያሠራሽው ልጄ? ደህና ናቸው?»

ሰውየው በሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየኝ ፈገግ ብሏል።

«ደህና ናቸው አባባ» አልኩ።

ለምን አልኩ? ብሬን ይመልስልኛል ብዬ መሰለኝ። እሱ ደግሞ ገብቼ ስነግረው ወንበሩን እያሽከረከረ «እህቴ፣ እኛ የሸጥንልሽ ዲዛይን ነው። ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው» አለኝ። ስለ ጭቃው ሳነሳ «እሱ ስትራክቸር ነው፣ ለብቻው ይከፈላል፣ 40 ሺህ» አለ። ጸሐፊዋ ሳቀች። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ሄደዋል።

እናንተ እንኳ የፕላን ስምምነቱን መጀመሪያ ራሳችሁ አውጡ። ማህተሙ ላይ ስሙ ያለውን ባለሙያ በአካል ካላገኛችሁና ቦታችሁን መጥቶ ካልለካ ሳንቲም አትክፈሉ። ደረሰኝ እዚያው፣ በዚያው ቀን።

ደግሞ ትናንት ከሰዓት አራት ኪሎ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ሰማያዊ ክላሰር የያዙ አባት የምታውቁ ካላችሁ ንገሯቸው። የፈረሙ እንጂ ብሩን ገና የከፈሉ አልመሰለኝም። ያቺ ጥቅል የያዘችው ልጅ ዋሽታዎታለች በሏቸው።