የእናቴን ቃል በትክክል ለተረጎሙልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እናቴ ለኢሚግሬሽን ያቀረበችውን የጽሑፍ ቃል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለተረጎሙልን ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስና ተመሳሳይ ጉዳይ ላለባችሁ ሁሉ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጽፈውም፤ አድራሻቸውን ለምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከልደት ቀን ነው። እናቴ የተወለደችው ጥቅምት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ሲሆን ይህ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 1955 ነው። ከዓመታት በፊት ቅጽ ሲሞላላት ግን «ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ስምንት ይጨመራል» የሚለውን ብቻ ታውቅ ስለነበር 1956 ብላ ተናገረች፤ ከመስከረም ወር እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት መሆኑን በወቅቱ ያስታወሳት ሰው አልነበረም። በኋላ ከአገር ቤት የመጣው የልደት ምስክር ወረቀት 1955 ስለሚል፣ ሁለቱ ሰነዶች የተለያዩበትን ምክንያት እንድታስረዳ ደብዳቤ ደረሳት። እርሷም በእጅ ጽሑፏ ካሰፈረችው ቃል መካከል «ዓመቱን ስነግራቸው ሳላውቅ አሳስቻቸዋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት።

መጀመሪያ የሄድንበት የትርጉም ቤት ሥራውን በአንድ ቀን ጨርሶ አስረከበን። በእንግሊዝኛው ላይ «ሳላውቅ» የሚለው ቃል ጨርሶ የለም፤ «አሳስቻቸዋለሁ» የሚለው ደግሞ «ዲሲቭ» በሚለው፣ ማታለልን በሚያመለክት ግስ ተተርጉሟል። ወረቀቱን እኔም አንብቤ ምንም ሳይከነክነኝ አልፌው ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ጠበቃችን ሌላ ተርጓሚ እንዲያየው ባይመክሩን ኖሮ እናቴ አታላይ መሆኗን በገዛ ፊርማዋ አረጋግጣ ታስገባ ነበር።

እኚህ ባለሙያ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በእርሳስ እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና «ዲሲቭ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። ከዚያም ወደ እናቴ ዞረው «እማማ፣ ያን ጊዜ 1956 ብለው ሲናገሩ ትክክል መስሎዎት ነበር?» ብለው ጠየቋት። እናቴም «ታዲያስ ልጄ፣ በጣቴ ቆጥሬ እኮ ነው የነገርኳቸው» አለቻቸው። «እንግዲያው ይህ ቃል የእርስዎ አይደለም» አሉና ለእርሷም ለእኔም በእርጋታ ያስረዱን ጀመር።

እንዳስረዱን ከሆነ «ዲሲቭ» ሌላው ሰው ሐሰቱን እውነት ብሎ እንዲቀበል ማድረግ ነው፤ ቃሉ የመጣው መያዝንና ማጥመድን ከሚያመለክት የላቲን ግስ ሲሆን፣ ሲነገርም በአብዛኛው ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ያሰማል። ለዚህ የሚቀርበው የእኛ ቃል «አታለለ» ነው። «ላይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ደግሞ «ዋሸ» ማለት ሲሆን፣ ሰው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ከተናገረ ማንም ባያምነውም ዋሽቷል፤ ያመነው ከሌለ ግን «ዲሲቭ» አደረገ አይባልም። እኛም እኮ «ሊያታልለኝ ዋሸኝ፣ እኔ ግን አልተታለልኩለትም» እንላለን፤ ልዩነቱ በአፋችን እያለ ልብ አለማለቴ ገረመኝ።

«ሚስሊድ» የሚለው ቃል ወደ «አሳሳተ» ይቀርባል። ሆን ተብሎም ሳይታወቅም ሊደረግ ይችላል፤ ከዚህም አልፎ እውነት ተናግሮ ሰውን ማሳሳት ይቻላል። ለዚህ የጠቀሱልን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 እ.ኤ.አ. የወሰነውን የፊልም አዘጋጁን የሳሙኤል ብሮንስተንን ጉዳይ ነው። ሰውየው የኩባንያው የኪሳራ ጉዳይ ሲመረመር በመሐላ ቀርቦ በስዊዘርላንድ ባንክ የራሱ ሂሳብ ኖሮት ያውቅ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ኩባንያው በዙሪክ ለስድስት ወር ያህል ሂሳብ እንደነበረው ብቻ መለሰ። የመለሰው እውነት ነበር፤ ነገር ግን በጄኔቫ ለአምስት ዓመት ገደማ የግል ሂሳብ እንደነበረው አልተናገረም። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህ በሐሰት መመስከር አይደለም፣ አጥብቆ መጠየቅ የነበረበት ጠያቂው ጠበቃ ነው ሲል ወሰነ። ሰሚው ተሳስቷል፤ በሕጉ ዓይን ግን ተናጋሪው አልዋሸም።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የከበደው «ፍሮድ» (ማጭበርበር) እና «ሚስሪፕሬዘንቴሽን» (ሐሰቱን እንደ እውነት አድርጎ ማቅረብ) በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነበር። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ «ፍሮድ» ለመባል የማታለል ሐሳብ መኖር አለበት፤ ለሁለተኛው ግን ሰውየው ሐሰት መሆኑን እያወቀ በወሳኝ ጉዳይ ላይ መናገሩ ይበቃል። ሁለቱም ይቅርታ ካልተገኘላቸው በቀር ዕድሜ ልክ ወደ አሜሪካ መግባት የሚያስከለክሉ ናቸው። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ግን በሁለቱም ውስጥ አይወድቅም፤ እንግዲህ የጠፋችው «ሳላውቅ» ምን ያህል ክብደት እንደነበራት አስቡት። ይህን ከነገሩን በኋላም «እኔ ተርጓሚ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕጉን ነገር ከጠበቃችሁ አረጋግጡ» ማለታቸውን አልዘነጉም።

ብዙዎቻችን ፈተና የሚኮርጀውንም፣ በስልክ ገንዘብ የሚወስደውንም፣ የሐሰት ሰነድ የሚያቀርበውንም «አጭበረበረ» በሚል አንድ ቃል እንጠራለን። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ቺት»፣ ሁለተኛው «ስካም»፣ ሦስተኛው «ፍሮድ» ይባላል። ስለዚህ ተርጓሚ ቃሉን ብቻ አይቶ መተርጎም አይችልም፤ ምን እንደተደረገና ተናጋሪው በዚያን ጊዜ ምን ያውቅ እንደነበር መጠየቅ አለበት። እኚህን ባለሙያ የማመሰግነው ከሁሉ በላይ ስለጠየቁ ነው።

በመጨረሻ «ሚስሊድ» የሚለውንም አልተጠቀሙበትም፤ አንባቢው ሆን ተብሎ የተደረገ አስመስሎ ሊወስደው ይችላል ብለው ስለሰጉ፣ እናቴ ትክክል መስሏት በስህተት የተሳሳተ ዓመት እንደነገረቻቸው በግልጽ እንግሊዝኛ ጻፉት። ከዚያም የእንግሊዝኛውን ቃል ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡላት፤ «አዎ፣ እኔ ያልኩት ይህንን ነው» እስክትል ድረስ አላስፈረሟትም። ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እርሳቸውም ለመተርጎም ብቃት ያላቸው መሆኑን የሚገልጸውን በደንቡ የሚጠየቀውን ማረጋገጫ ፈርመው አያያዙልን። ክፍያውን አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ ለማብራሪያው የወሰደባቸውን ጊዜ አልጨመሩበትም።

የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም እንደ እናቴ በእጅ የተጻፈ ቃል የምታስተርጉሙ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዋናውን የአማርኛ ጽሑፍ ይዛችሁ፣ ከተቻለም ቃሉን የሰጠውን ሰው አብራችሁ ሂዱ፤ ማነጋገራቸው አይቀርምና። እናቴም «ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የልጅ ልጅ ያሳይሽ በይልኝ» ብላለችና መልእክቷን አድርሻለሁ።