ለምስጋና የሚሰጥ ጧፍና ዘቢብ፦ ከደብረ ማርቆስ ገበያ

ስእለቱ የሰመረለት ምእመን ምስጋናውን ይዞ ደጀ ሰላም የሚደርሰው በጧፍ፣ በዕጣንና በዘቢብ ነው። ከሦስቱ በደብረ ማርቆስ ገበያ ልብ የሚሞላው ጧፉ ነው፤ ጎጃም ማር አገር ነውና!

ሲገዙ ያሽትቱት። ንጹሕ የንብ ሰም ማር ማር ይሸታል፣ በመዳፍ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲያጥፉት ይለመጣል። ፓራፊን የበዛበት ግን ነጣ ይላል፣ ጣት ላይ ያሟልጫል፣ ብርድ ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ጫፉን ላጥ አድርገው ክሩንም ይዩ፤ የጥጥ ፈትል ካልሆነና ናይሎን ከገባበት ተኮማትሮ ይንጠባጠባል፣ መብራቱም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆንም ከዚያ በፊት ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ከተተወ እስሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በወረቀት ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ዘቢቡ ያሳዝናል። በላስቲክ ታፍኖ የከረመው ያልበዋል፣ ይሻግታል፤ ለመሥዋዕት የሚሆነው ደረቁና ንጹሑ ብቻ ነው።

የከተማው ደብር ብዙ ሰጪ አለው፤ የሚቸገረው የቆላው አጥቢያ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የዚያን አጥቢያ ቄሰ ገበዝ ይጠይቁ፤ ከዕቃ ቤቱ የጎደለውን እሳቸው ያውቃሉ። የአብነት ተማሪዎች ካሉበት ሳሙና ይጨምሩ።