ስካርሌት ሶሎ ወይስ 2አይ2? ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለምትቀርጹ

ብቻውን እየዘፈነ የዜማ ሐሳብ ለሚይዝ ሰው ቀጥታ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ማይክ ይበቃዋል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛ ማይክ ሲያስፈልግ ነው። እኔ ሁለት የዩኤስቢ ማይክ ሰክቼ ድምፅና ጊታር ቀርጬ አውቃለሁ። መጀመሪያው ላይ ልክክ ያለ ነበር፤ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ግን ጊታሩ ከድምፁ ወደኋላ ቀርቷል። እያንዳንዱ ማይክ ድምፁን በሚለካበት በራሱ የውስጥ ሰዓት ስለሚሄድ ነው፤ ሁለቱ ሰዓቶች ደግሞ በጥቂቱ ይለያያሉ። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታር ተሰክቶበት ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሣጥን) ላይ ግን ሁሉም መግቢያ በአንድ ሰዓት ይሠራል።

ስለዚህ ኢንተርፌስ እንግዛ ካላችሁ፣ በብዛት የሚነሱት የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎና 2አይ2 ናቸው። የማወራው በ2023 ስለወጣው አራተኛው ትውልድ ነው።

ሶሎ አንድ ማይክና አንድ በጃክ የሚሰካ ጊታር አብሮ ይቀበላል። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ያለው ጊታር እየመታ ለሚዘፍን ሰው ሌላ አያስፈልግም። ጊታሩንም ድምፁንም በማይክ እይዛለሁ የሚል ግን ሁለት የማይክ መግቢያ ያለውን 2አይ2 መግዛት አለበት።

ብዙ ሰው መግቢያ ቆጥሮ ይገዛል፤ ለእኔ ትልቁ ልዩነት ጌይኑ፣ ማለትም የማይኩን ደካማ ምልክት የሚያጎላበት መጠን ነው። የሶሎ የማይክ ጌይን 57 ዲሲቤል ነው፣ የ2አይ2 ደግሞ 69። ኮንደንሰር ማይክ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስስ ድምፅ የሚይዝ) ከሆነ ሁለቱም ይተርፉታል፤ የሚፈልገውን 48 ቮልትም ሁለቱም ይሰጣሉ። እንደ ሹር ኤስኤም7ቢ ያለ ዳይናሚክ ማይክ (ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ደካማ ምልክት የሚያወጣ) ግን 60 ዲሲቤል ገደማ ይፈልጋል። ሶሎ ላይ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ብታዞሩትም፣ ለስለስ አድርጎ የሚዘፍን ሰው ድምፅ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። 2አይ2 አውቶ ጌይንም አለው፤ ለ10 ሰከንድ ያህል ስትዘፍኑ ሰምቶ ራሱ ይመጥናል። እየዘፈኑ ጌይን ማስተካከል ለሚቸገር፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሠራራቸው ያው ነው። ዊንዶውስ ላይ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር (ድምፁ ብዙ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርግ ፕሮግራም) ጫኑ፤ ማክ ለዚህ የራሱ ኮር ኦዲዮ አለው። ስትቀርጹ በፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 128 ላይ አድርጉት፤ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ናሙና) በፈሩ ራሱ 2.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ያዘገያል። 1024 ላይ ከተዋችሁት 21 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ዘፋኝን ከምት ያስወጣል። ዳይሬክት ሞኒተር (ድምፃችሁን በኮምፒውተሩ ሳያልፍ ከኢንተርፌሱ በቀጥታ የሚያሰማችሁን) ስታበሩ መቅረጫ ፕሮግራሙ ውስጥ የትራኩን ሞኒተር አጥፉ፤ አለበለዚያ ጆሯችሁ ውስጥ ድምፃችሁ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ክፍላችሁ ውስጥ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የመኪና ድምፅ፣ የማራገቢያ ጩኸት ካለ ኮንደንሰር ሁሉንም ይለቅማል፤ ዳይናሚክ ማይክ ከ2አይ2 ጋር ውሰዱ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ከሆነና የምትቀርጹት አንድ ሰው በአንድ ማይክ ብቻ ከሆነ ሶሎን ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለተሻለ ኮንደንሰር ማይክ አውጡት።