የትምህርት ቤት ወተት ሲመዘን፦ ላስቲኩ፣ ካርቶኑ፣ ዱቄቱና እርጎው

ወተት ልጅ ያሳድጋል የማይል ወላጅ አይገኝም። የምገባ ኮሚቴ ጥያቄ ግን ጠበብ ይላል፦ የትኛው ወተት፣ ለየትኛው ልጅ፣ በዓመት ስንት ቀን? አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ታበላለች። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተትን ከእንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር ፊት አሰልፎታል። «ለልጆቹ ወተት ይጨመርላቸው» የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ቢነሣ አይገርምም። እዚህ የመዘንናቸው አራት ዓይነት ወተቶች ናቸው፤ ሚዛኑም የትምህርት ቤት ወጥ ቤት እንጂ የቤት ጠረጴዛ አይደለም። የፋብሪካ ስም አላነሣንም፤ ለምገባ ወሳኙ ከስሙ ይልቅ ዓይነቱና አያያዙ ነው።

ከወተት የሚጠበቀውን በልኩ ማወቅ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ብዙ ሙከራዎችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በቀን 245 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት መጨመር በዓመት 0.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቁመት እንደሚያስገኝ አስልቷል። የ7 ዓመት ልጅ ያለ ምንም ተጨማሪ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ ጥቅሙ አለ፤ በዓይን የሚታይ ግን አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በኬንያ ኤምቡ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 የተካሄደው ሙከራ ነው። የ12 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች በአራት ቡድን ተከፈሉ። ሦስቱ ቡድኖች ጊዘሪ የሚባለውን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ተሰጣቸው፦ ለአንዱ ሥጋ ተጨመረበት፣ ለሌላው አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ለሦስተኛው ዘይት። አራተኛው ቡድን ምንም አልተሰጠውም። በወተቱ ቁመታቸው የጨመረው በዕድሜ ያነሱትና ከመነሻው የቀነጨሩት ልጆች ናቸው። የክንድ ጡንቻ ከሁሉ በላይ የጨመረው ሥጋ በበሉት ላይ ነው፤ ወተት ተከታዩ ነበር። የማሰብ ችሎታ በሚለካው የሥዕል ፈተናም ሥጋው ሲቀድም ወተቱ ልዩነት አላመጣም። ቫይታሚን ቢ12 ግን በሥጋውም በወተቱም በደንብ ከፍ አለ። ሽሮና ምስር ለሚበላ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢ12 ከእህልና ከጥራጥሬ አይገኝም።

አንድ 200 ሚሊ ሊትር ኩባያ ያልተቀጠነ የላም ወተት 6.5 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ወደ 240 ሚሊ ግራም ካልሲየም እና 130 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ብረት ማዕድን ግን የለውም ማለት ይቻላል። «ደም ያነሰውን ልጅ ወተት አጠጡት» የሚለው ምክር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየሙ የምስሩን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ጥቂት ስለሚያስቸግር፣ ወተቱ ከምሳ ጋር ሳይሆን ጠዋት ወይም በ4 ሰዓቱ ዕረፍት ቢሰጥ ይሻላል። በቁርስ ከዳቦ ጋር የሚቀርበው ሻይም ብረትን ያግዳል፤ ለወተቱ ቦታ መልቀቅ ያለበትም እሱ ነው።

አሁን ማንም በጨረታ ሰነድ ላይ ወደማይጽፈው ስሌት እንምጣ። ትምህርት ቤቱ በዓመት 200 ቀን፣ በ40 ሳምንት ያስተምራል እንበል። የሚጾም ልጅ በዐቢይ ጾም 8 ሳምንት፣ በጾመ ነቢያት ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ወተት አይቀምስም። ከቀሩት 26 ሳምንታት ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 7 ሳምንታት ብቻ አምስቱም ቀን የፍስክ ነው። የነነዌ ጾም ሰኞና ማክሰኞም ሲቀነሱ የሚተርፈው 90 ቀን ገደማ ነው። 90 ቀን በ200 ሚሊ ሊትር ሲባዛ 18 ሊትር ይመጣል፤ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 49 ሚሊ ሊትር። ይህ ያ ትንተና ካሰላበት መጠን አንድ አምስተኛ ነው። በቀጥታ ቢካፈል ዓመታዊው ትርፍ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ የሙስሊም ልጆችንና የማይጾሙትን አይመለከትም፤ ነገር ግን በጀት የሚያወጣ ሰው ሳያየው መፈረም የለበትም።

በልማዱ ልጅ ከ7 ዓመቱ በፊት ጾም አይያዝም። መቀንጨሩም በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ወተት ለቁመት የሚረዳው ደግሞ ትንንሾቹንና የቀነጨሩትን ነው። ሦስቱ ነገሮች ወደ አንድ በር ያመራሉ፦ ወተቱ ወደ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ይግባ። እስከ 8ኛ ክፍል ላለው ሁሉ ግማሽ ኩባያ ከማዳረስ ለቅድመ አንደኛዎቹ ሙሉ ኩባያ በየቀኑ መስጠት ይበልጣል። ለትልልቆቹ ያው ገንዘብ በእንቁላል ቢውል አንቃወምም።

የላስቲክ ወተት (ከ5 ነጥብ 2.5)። በጣዕም የሚወዳደረው የለም፤ ገበሬውንም በቀጥታ ይጠቅማል። ፓስቸራይዝድ ማለት ግን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ የሞቀ ማለት እንጂ ከጀርም ሁሉ የጸዳ ማለት አይደለም፤ ከ4 ዲግሪ በታች ካልተቀመጠ ሰዓቱን መቁጠር ይጀምራል። ለ300 ልጅ በ200 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 60 ሊትር፣ ማለትም 120 ባለ ግማሽ ሊትር ላስቲክ በየቀኑ ያስፈልጋል። ይህን የሚይዝ ፍሪጅ ያለው ወጥ ቤት ስንት ነው? ስለዚህ ውሉ «በጠዋት» ሳይሆን «ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት፣ በበረዶ ሣጥን» ይበል። ሲረከቡ ከየሣጥኑ አንድ ላስቲክ ይከፈትና በትንሽ ድስት ይፍላ፤ ከተቆራረጠ ያ ሣጥን ይመለስ። ላክቶሜትር (የወተትን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ደግሞ በትክክለኛው ሙቀት ከ28 በታች ካነበበ ውሃ መጠርጠር አለበት። ሲያፈሉ የድስቱን ታች ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ከሥር እንዳይዝ ይረዳል። ወተት ለመገንፈል የሚጠብቀው ዞር የሚሉበትን ደቂቃ ነውና፣ አንድ ሰው ማማሰያ ይዞ ከምድጃው አይለይ። ላስቲክ ለአምስት ልጆች ሁለት እየተባለ ስለሚከፋፈል ማን ስንት እንደጠጣ በቅጡ አይታወቅም፤ ዋናው ድክመቱም ይህ ነው።

ከአርሶ አደር በጀሪካን የሚመጣ ጥሬ ወተት እዚህ ነጥብ አልተሰጠውም። የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከላም ወደ ሰው የሚሻገሩበት መንገድ ነው፤ የጀሪካን ጠባብ አፍም በእጅ ገብቶ አይታጠብም። ሌላ ምርጫ የሌለው ትምህርት ቤት በአፈ ሰፊ የብረት ዕቃ ተረክቦ ሙሉ በሙሉ ያፍላው።

የካርቶን ወተት (3.5)። ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ሞቆ በታሸገ ካርቶን ስለሚገባ ሳይከፈት ያለ ፍሪጅ ወራት ይቆያል። ባለ 200 ሚሊ ሊትሩ ትልቅ ጥቅሙ ልጁ የራሱን መጠን በእጁ መያዙ ነው፦ የሚቀጥን የለም፣ በጭልፋ የሚሸራረፍ የለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረችው የኒያዮ የትምህርት ቤት ወተትም የታደለው በትንንሽ ካርቶን ነበር። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ከአራቱ ለአንድ ኩባያ ብዙ የሚያስወጣው ይኼው ነው። ቆሻሻውም አለ፤ 300 ልጅ በሳምንት 1,500 ካርቶንና 1,500 ስትሮ ይጥላል። ያበጠ፣ ጠርዙ የረጠበ ወይም የተጨረማመተ ካርቶን ውስጡ አየር ገብቶት ሊሆን ስለሚችል አይሰጥ። መጋዘኑ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ከሆነ ሙቀቱ ጣዕሙን ወደ ቃጠሎ ይወስደዋል፣ ልጆቹም ይተዉታል።

የዱቄት ወተት (4)። የእኛ ምርጫ ይኸው ነው፤ ለዚያውም ሲገዛ በጣም የሚያታልለው ይኸው ሆኖ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። ሙሉ ክሬም የሚባለው ቢያንስ 26 በመቶ የወተት ስብ አለው። ሁለተኛው የወተቱ ስብ ወጥቶ የፓልም ዘይት የገባበት ነው፤ ፕሮቲኑ ከተመጣጠነ ለምገባ ይሆናል፣ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይቀንስ። ሦስተኛው የሻይና የቡና ማንጫ ነው፤ ወተት ብሎ መጥራት ራሱ ያስቸግራል። መለያው ጀርባው ላይ ያለው ሠንጠረዥ ነው፦ በ100 ግራም ውስጥ ፕሮቲኑ ከ24 ግራም በታች ከሆነ ይጠየቅ፣ ከ10 ግራም በታች ከሆነ ይመለስ። ከፊት ያለውን የላም ሥዕል አትመኑት።

ለአንድ 200 ሚሊ ሊትር ኩባያ 26 ግራም ዱቄት ይበቃል። ባለ 25 ኪሎ ጆንያ 960 ኩባያ ይወጣዋል፤ ለ300 ልጅ የሦስት ቀን መሆኑ ነው። በፈላ ውሃ መበጥበጥ ጓል ያበዛል። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ፣ ማለትም እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ መጀመሪያ እንደ ወፍራም ሊጥ ይለወስ፤ ከዚያ ቀሪው ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፤ ሩብ ሰዓት ቆሞ እንደገና ይመታ። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ዱቄቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የቧንቧው ውሃ ያበላሸዋልና። የተከፈተ ጆንያ እርጥበት ስለሚስብ ክዳን ወዳለው በርሜል ይገልበጥ፤ ሙሉ ክሬሙ ሲቆይ የሳሙና ሽታ ያመጣል፣ ያ ስቡ መበላሸቱ ነው።

ዱቄቱን ከፍ ያደረግንበት ትልቁ ምክንያት አጥሚት ነው። ለ100 ልጅ፣ 250 ሚሊ ሊትር ለእያንዳንዱ፣ 22 ሊትር ውሃ፣ 1.5 ኪሎ የአጃ ዱቄት፣ 2.5 ኪሎ የወተት ዱቄት፣ ከ500 እስከ 750 ግራም ስኳርና ትንሽ ጨው። አጃው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በፈላው ላይ ይፈስሳል፤ ለ15 ደቂቃ እየተማሰለ ይበስላል። ወተቱ የሚገባው እሳቱ ከጠፋና ትንሽ በረድ ካለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሥሩ ያራል፣ የቃጠሎው ሽታ ደግሞ ድስቱን ሙሉ ይወርሰዋል። አጥሚት ሲቀጥን ወዲያው ይታያል፣ ስለዚህ መጋቢ እናቶችም ሆኑ ተቆጣጣሪው ሌላ መሣሪያ አያሻቸውም። በጾም ቀን ደግሞ የወተቱ ዱቄት ቀርቶ የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ይገባል፤ ቢ12ቱና አብዛኛው ካልሲየም ይቀራል፣ ፕሮቲኑ ግን አይቋረጥም፣ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ያንኑ ኩባያ ይይዛል።

እርጎ (3)። ሆዱን ለሚነፋው ልጅ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሲረጋ ከወተቱ ስኳር ከፊሉ ስለሚያልቅ። እግረ መንገዱን፦ ወተት ለምዶ የማያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስቀምጠው ወተቱ ተመርዟል ማለት ላይሆን ይችላል። በ100 ሚሊ ሊትር፣ ከዳቦ ጋር ይጀመርና በሁለት ሳምንት ወደ 200 ይደግ። ለምገባ የሚሆነው እርጎ ከተፈላ ወተት የረጋ ነው፦ ተፈልቶ ለብ ሲል በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ይጨመርበትና ተከድኖ ያድራል። በወይራ የታጠነ ዕቃ መዓዛውን ያሳምረዋል፤ ማጠን ግን ማፍላትን አይተካም። ነጥቡን ያወረደው ዕቃው ነው፤ ለ300 ልጅ እርጎ የሚያረጋ ወጥ ቤት ሌላ ሥራ አይሠራም።

ማፍላት የማይፈታው ችግር አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሩብ የሚሆኑት በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ነበራቸው። ምንጩ ሻጋታ የያዘው መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ሙቀት ስለማያጠፋው ጥያቄው ወደ አቅራቢው ይሄዳል፦ ላሞቹ ምን ይበላሉ? ፋጉሎው የት ይከማቻል? የመጨረሻው የላቦራቶሪ ውጤት መቼ ነው? ወረቀት ማሳየት የማይችል አቅራቢ በዋጋ ቢያንስም ለቅድመ አንደኛ ልጆች አይመረጥ።

ውጤቱን እንለካ ለሚል ትምህርት ቤት የስኮትላንዱ ላናርክሻየር ማስጠንቀቂያ ይሁነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በ67 ትምህርት ቤቶች 20,000 ልጆች ከየካቲት እስከ ሰኔ ተመዘኑ፤ ግማሾቹ በቀን 425 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይጠጡ ነበር። መምህራኑ አዝነው ከሲታዎቹን ወደ ወተቱ ቡድን ሳይመልሷቸው አልቀሩም፤ ልጆቹ የተመዘኑትም በክረምት ወፍራም ልብስ ጀምረው በበጋ ስስ ልብስ ጨርሰው ነው። ዊልያም ጎሴት የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በቀጣዩ ዓመት ይህን ሁሉ ነቅሶ አወጣው። ስለዚህ ቁመት በባዶ እግር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ ሁለቱ ንባቦች ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይጨመር። የዓመቱ ትርፍ ራሱ ከዚያ ያነሰ መሆኑን ከላይ አይተናልና፣ ከሪፖርቱ ፊት የሚቀመጠው ቁመቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ልጅ በወሩ ስንት ኩባያ እንደጠጣ የሚያሳየው መዝገብ ይሁን።